ከጥሩንባው በኋላ

ስካርዴል፣ ዮርክሺር
ጃንዋሪ 9 ቀን 1984

ለተከበርክ ዘመዴ ለሮላንድ ኮትስ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? ሽማግሌው አባትህስ እንደምን ናቸው? እኛ፣ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ አለን። ዘንድሮ በረዶው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር የገና ካርድህ የደረሰን ከበዓሉ በኋላ ነው። ቢዘገይም ደስ ብሎናል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ካርዱ ላመሰግንህ ብቻ አይደለም። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሰነበተች። ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ "ጸደይን ካየች ትልቅ ነገር ነው" ብሎን ሄደ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶናል። አልጋዋን ወደ ምድር ቤት አውርደን መስኮቱ አጠገብ አድርገንላታል። እዚያ ሆና ወንድሜ የሞተበትን ተራራ ታያለች። "መጋረጃውን ልዝጋው?" ስላት "ተይው፤ ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ ዛሬ ምን ያደርገኛል" ትለኛለች።

አሁን ስለ ወንድሜ ስለ ዊልፍ ማውራት ጀምራለች። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ስሙን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ሾርባ ሳጠጣት እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ሮላንድ አጠገቡ ነበር። የሰማውን ይንገረኝ በይው" አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ። ሴት ልጅ ቆቅ እያስነሳች ወደ ተኳሾቹ ለመንዳት አትወጣምና እናንተ በጭነት መኪናው ስትሄዱ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ በቅናት እያረርኩ አያችሁ ነበር። ዊልፍ ምላሱን አወጣብኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው መርማሪው ዳኛ ፊት የተባለውን ብቻ ነው። ወደ ፊት መተኮስን የሚያስቆመው ጥሩንባ ገና አልተነፋም፤ ልጁ የቆሰለች ቆቅ ሊይዝ ሰልፉን ጥሎ ወደ ፊት ሮጠ፤ የተኮሰው የርስቱ ጌታ የኮሎኔሉ እንግዳ በጭጋጉ ምክንያት አላየውም። አስተማሪያችን እንኳ ስንረብሽ "ትእዛዝ ያልሰማውን ልጅ አስታውሱ" ትለን ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ። አምኜው ነው ያደግሁት።

የምታስታውሰውን ጻፍልኝ። እናቴ ብዙ ጊዜ የላትም።

ልጄ ኮሊን እንዳባትህ የርስቱ አደን ጠባቂ ሆኖልሃል። የሚኖረውም እናንተ በነበራችሁበት ቤት ነው። የጓሮው ፖም ዛሬም ያፈራል።

አምላክ ቤትህንም መንጋህንም ይጠብቅልህ።

ዘመድህ ኤኒድ


ሳውዝላንድ፣ ኒውዚላንድ
ማርች 20 ቀን 1984

ለውድ እህቴ ለኤኒድ፣

ከዚህ ከምድር ጫፍ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለአክስቴ ለአዳ ጤናን፣ ለአንቺም ብርታትን እመኛለሁ። የዘገየሁት በግ የሚሸጥበት ወቅት ሆኖብኝ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰው እንኳንስ ብዕር ማንኪያ የሚያነሳበት ፋታ የለውም። እኛ ደህና ነን። አባቴም ደህና ነው፤ ከጓሮው ግን አያልፍም።

ስለዚያ ዘመን ስትጠይቂኝ ስንቱ ትዝ አለኝ። ዝናብ ከመጣ ጆንያ እንደ ካባ እንደርብ ነበር። ባንዲራችንም ከማዳበሪያ ከረጢት የተቀደደ ነበር፤ እያውለበለብን አስታውን ሰንጥቀን ስንሄድ ውሃው እስከ ጭናችን ይዘልቃል። ቆቋ ከእግራችን ሥር "ተመለስ፣ ተመለስ" እያለች ትነሳለች፤ ዊልፍም "አልመለስም፣ አልመለስም" ይላታል። ሽማግሌውን ጆብን ታስታውሺዋለሽ? ያን ጥርሱ የረገፈውን? ሰልፋችን በተዛነፈ ቁጥር "እናንተ ልጆች፣ መስመራችሁ እንደ ላም ሽንት ተጣመመ" ይለን ነበር። ጌቶቹ ጎጆው ውስጥ ትኩስ ሥጋቸውን ሲበሉ እኛ ካቡ ሥር ተኮልኩለን የሥጋ ቅባት የተቀባ ዳቦ እንበላለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ የለም።

ስለ ዊልፍ ብዙ የምለው የለኝም። ጭጋግ ነበር። ጥሩ ልጅ ነበር።

ለአክስቴ ክፍል የከሰል መግዣ ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ። በብርድ እንዳትጎዳ አደራ።

ወንድምሽ ሮላንድ


ስካርዴል
ኤፕሪል 17 ቀን 1984

ለሮላንድ፣

ሰላም ለአንተና ለቤተሰብህ ይሁን።

ገንዘቡን መልሼልሃለሁ፤ አትቀየም። ከሰል አለን። እኔ የጠየቅሁህ ቃል ነው።

ደብዳቤህን ለእናቴ አነበብኩላት። የጆብ ተረብ ላይ ስደርስ ፈገግ አለች። ዊልፍ ለቆቋ የመለሰላትን ስትሰማ ደግሞ ዓይኗን ጨፈነች። ስጨርስ "ይኸው ነው?" አለችኝ። "ይኸው ነው" አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"ጭጋግ ነበር" የሚለውን ዳኛው ፊትም ብለውታል። ከአንተ ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የኮሊን ልጅ ግሬም ዊልፍ የሞተበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። የኮሎኔሉ ልጅ፣ አሁን የርስቱ ጌታ እሱ ነው፣ "ትንሹንም በኦገስት ለአደኑ ይዘኸው ውጣ እንጂ" ብሎ ኮሊንን አዞታል። ልጁ ከአሁኑ በትር ላይ ጨርቅ አስሮ ጓሮው ውስጥ ዶሮዎቻችንን ያባርራል። አይቼው ወደ ቤት ገባሁ። ያ ቀን እንደተባለው ከነበረ፣ ትእዛዝ አክብር ብዬ ልመክረው እችላለሁ። ካልነበረ ግን ምን ብዬ እመክረዋለሁ?

የሰው ልጅ ነህ፣ ያየኸውን ንገረኝ።

ኤኒድ


ሳውዝላንድ
ጁን 24 ቀን 1984

ለእህቴ ለኤኒድ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ዕድሜ ለአክስቴ ለአዳ።

ደብዳቤሽን በኪሴ ይዤ በጎቹን ተከትዬ ስዞር ከረምሁ። ዝም ያልኩት ረስቼው አይደለም። ነገሩ የአባቴ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ሲልጥ አገኘሁትና "ኤኒድ ስለ ዊልፍ ጠይቃኛለች" አልኩት።

ቢላዋውን አላቆመም። "ምን ልትላት ነው?"

"የሆነውን።"

"እኔ እስክቀበር መታገሥ አትችልም?"

"እኔ እችላለሁ። አክስቴ አዳ ናቸው የማይችሉት።"

የያዘውን ድንች ውሃው ውስጥ ጥሎ ወጣ። ከትናንት ወዲያ የጸዳውን የዶሮ ቤት እንደገና ሲያጸዳ ዋለ። ለእራት ሲገባ ሳይቀመጥ ወንበሩን ይዞ፣ "ጻፍላት። ስሜንም አትሸፋፍን" አለኝ። ስለዚህ አልሸፋፍንም።

ጭጋጉ የጠዋት ነው። ወደ ሁለተኛው ዙር ስንገባ ተገፎ ነበር። ተኳሾቹ የቆሙበትን የድንጋይ ምሽግ፣ የራስ ቆባቸውንም ጭምር አይ ነበር። እኔና ዊልፍ ጎን ለጎን ነን፤ ከእሱ ወዲያ ጆብ አለ። ወደ ምሽጎቹ ስንቃረብ አባቴ ጉብታው ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ረጅም አድርጎ ነው የነፋው። አንቺ የዚያ አገር ልጅ ነሽ፣ ማስረዳት አያሻኝም፤ ጥሩንባ ከተነፋ በኋላ አስነሺዎቹ ቀርበዋል ማለት ነውና ማንም ወደ ፊት አይተኩስም። ሁላችንም ሰምተናል። ጆብ "በቃ፣ ሻይ ደረሰ" አለ። ዊልፍም ባንዲራውን ትከሻው ላይ አደረገ።

ከሰልፍ አልወጣም። አልሮጠም። ከእኔ በአንዲት ጋት እንኳ አልቀደመም።

አንዲት ቆቅ ዘግይታ ከመሀላችን ተነሳችና ዝቅ ብላ ወደ ምሽጎቹ በረረች። ከሎንዶን የመጣው እንግዳ አፈሙዙን ወደ እኛ አዙሮ ተኮሰ።

አባቴ እየሮጠ ደረሰ። እንግዳው "አላየሁትም፣ አላየሁትም" ይላል። አባቴ "ጥሩንባውንስ አልሰማህም?" ብሎ ጮኸበት። አባቴ ጌቶች ላይ ሲጮህ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ኮሎኔሉ መጥቶ ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው።

የአንድ የበግ በረት መዝጊያ ነቅለው ዊልፍን እሱ ላይ አስተኝተው ተሸክመው አወረዱት። ከዚያ ምሳ ሆነ። ኤኒድ፣ ከምሳ በኋላ አደኑ ቀጠለ። "እንግዶቹ ከሩቅ ነው የመጡት" ተባለ። እኔንም ሰልፍ ውስጥ መለሱኝ። ጆብ የዊልፍን ቦታ ለመሸፈን ወደ እኔ ጠጋ አለ።

በዚያው ምሽት ኮሎኔሉ እኛ ቤት መጣ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ኢዝራ፣ ጥሩንባውን የነፋኸው ከተኩሱ በኋላ ነው" አለ።

"በፊት ነው ጌታዬ።"

"ሰው በጭጋግ ይሳሳታል። ይህ ቤት ተስማምቷችኋል፣ አይደል? የልጁ ቤተሰብ፣ የሃርከሮች ቤትም የእኔው ነው። የአክስትህ ልጅ አዳ ደግሞ ገና የምታሳድጋቸው ልጆች አሏት። በሐዘኗ ላይ ቤት ልቀቂ ማለት አልወድም።"

ሰውዬው ከወጣ በኋላ ወርጄ "አባዬ፣ እኔ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ጥሩንባው ነው" አልኩት። በጥፊ አጮለኝ። የመታኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዳኛው ፊት ቆሞ በል የተባለውን አለ። እኛን ልጆቹን የጠየቀን የለም። ጆብንም ጆሮው ደካማ ነው ብለው አለፉት።

በክረምቱ መርከብ ተሳፈርን። እዚህ አገር ጠመንጃ የሌለበት ቤት የለም፤ የእኛ ብቻ ነው የሌለበት።

ዊልፍ ትእዛዝ ጥሶ አልሞተም። ይህን ለአክስቴ ንገሪልኝ።

ሮላንድ


ስካርዴል
ጁላይ 6 ቀን 1984

ለወንድሜ ለሮላንድ፣

እንደምን አለህ? ጽፈህልኛልና አምላክ ይስጥህ። አባትህን በተመለከተ ግን ዛሬ ምንም አልልም፤ የምለው ሁሉ ክፉ ነው የሚሆነው።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብኩት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስንት ዓመት ሙሉ በወንድሜ ሳፍር ኖርኩ። የገዛ ልጆቼን "እንደ አጎታችሁ እንዳትሆኑ" ብዬ አሳድጌአቸዋለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለእናቴ አነበብኩላት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ "የጥሩንባውን ነገር አውቃለሁ" አለች።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። "ምን አልሽ እማዬ?"

"ኔሊ ነግራኛለች። የሮላንድ እናት። ሊሳፈሩ ሲሉ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ሳለ መጣችና፣ ገመዱን ይዛ፣ 'ኢዝራ ነፍቶ ነበር' አለችኝ።"

"ለአባባስ ነግረሽዋል?"

"ሰው እንዲገድልልኝ? የኮሎኔሉን ካብ እየካበ ነው ያበላን። አንድ ልጅ ቀብሬ፣ የቀራችሁትን ጎዳና ላይ ላውጣ?"

"ለእኔስ? እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላስ?"

"ልጅሽ የእነሱን እንጀራ ይበላል" አለችኝ።

ልቆጣ ፈለግሁ፤ የቆዳና የአጥንት ክምር ሆና ተኝታለች። ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ልነሳ ስል እጄን ሳበችኝ።

"አንቺ ልጅ ያልኩሽን አልሰማሽም። የጥሩንባውን ጠይቂልኝ አላልኩም። ዊልፍ ምን አለ? መናገር ችሎ ነበር? ማን ያዘው? ብቻውን ነበር?"

ሮላንድ፣ እሷ ከመጀመሪያው የፈለገችው ይህን ነው። እኔ ነኝ ሌላ የመሰለኝ። በስልክ እንዳንነጋገር ጆሮዋ ከድቷታል፤ ወረቀት ከሆነ ደግሜ ደጋግሜ አነብላታለሁ። በደረሰህ ቀን ጻፍ። ክፉም ቢሆን ጻፍ፤ አታሳምርላት፣ ታውቅብሃለች።

ኤኒድ


ሳውዝላንድ
ጁላይ 16 ቀን 1984

ለአክስቴ ለአዳ፣

እጅ እነሳለሁ። ኤኒድ ይህን ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ብቻውን አልነበረም። መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ጆብ ኮቱን አውልቆ አለበሰው፤ ደረቱን በሁለት እጁ ተጭኖ እስኪያበቃ አልለቀቀውም።

ተናግሯል። አሳምረህ አትጻፍ ስለተባልኩ እንዳለ እነግርዎታለሁ፤ ፈርቶ ነበር። መጀመሪያ "ጥሩንባው ተነፍቷል፣ አይደል?" አለኝ። "ተነፍቷል" አልኩት። "እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ አይደለም" አለ። ጆብ "የአንተ አይደለም የኔ ልጅ" አለው። ከዚያ ስለ ቡችላዋ ማውራት ጀመረ።

ስለ ቡችላዋ የሚያውቁ አይመስለኝም። ወፍጮ ቤት ያለችው የበግ ውሻ ወልዳ ነበር። ባለ ወፍጮው ለዊልፍ አንዷን ሊሰጠው ቃል ገብቶለት፣ እሱም በልዋጩ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በረቱን ይጠርግለት ነበር። ፊቷ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ነው። "ሙስ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። "ለእማዬ ገና አልነገርኳትም፤ እምቢ ትላለች። መጀመሪያ አመጣትና ትያት፤ ካየቻት አትመልሳትም" አለኝ። "ነገ አብረን እናመጣታለን" አልኩት። "እግሯን ስትይዛት አታጥብቅ፣ ትጮኻለች" አለኝ። ከዚያ በረደው። ሌላ የሚሰማ ነገር አልተናገረም፤ እጄን ግን እስከ መጨረሻው ይዞኝ ነበር።

የማውቀው ይኸው ነው። አምላክ ያጽናዎት።

ሮላንድ


ስካርዴል
ኦገስት 15 ቀን 1984

ለወንድሜ ለሮላንድ፣

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆችህ ይድረስ።

እናቴ ሐኪሙ ከቆረጠላት ጊዜ በላይ ቆይታ፣ ኦገስት 5 ቀን እሑድ ማለዳ ዐረፈች። አልተሠቃየችም። ሐሙስ ዊልፍና አባታችን ካሉበት ቀበርናት።

ደብዳቤህ በጊዜው ደርሶላታል። አነበብኩላት። "እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ አይደለም" የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አንስታ አስቆመችኝ፤ እንባዋን በራሷ ጠርጋ "ቀጥዪ" አለች። ቡችላዋ ጋ ስደርስ "ምን? ምን ዓይነት ቡችላ?" አለች። እንደገና አነበብኩላት። "ለካ ልብሱ ላይ ያን ሁሉ የውሻ ጠጉር ያመጣው ከዚያ ነው! እኔ ደግሞ ከበግ ጋር እየተጋፋ ነው ብዬ እቆጣው ነበር" ብላ ሳቀች። ሮላንድ፣ ድምፅ አውጥታ ነው የሳቀችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ "ሃምሳ ዓመት ስለ እሱ አዲስ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ያለኝን ብቻ ስቆጥር ነው የኖርኩት።"

በየቀኑ አነበብኩላት። ብዙ ጊዜ ከቡችላዋ ጀምሪልኝ ትል ነበር። አንድ ቀን ግን "እምቢ እለው ነበር" አለች፤ ቆይታ ደግሞ "ምናልባት ሁለት ቀን" አለች።

አደኑ የሚከፈትበት ኦገስት 12 እሑድ ስለዋለና እሑድ ስለማይታደን ሰኞ ነው የወጡት። ከርስቱ ለቀብሩ የተላከውን የአበባ ጉንጉን አልቀበልም ብዬ መለስኩት። ግሬምንም ለአደኑ አትውሰደው ብለው ኮሊን ተቆጣኝ። "ጌታው 'ልጅህስ?' ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? እማዬ፣ የምንኖረው በሰው ቤት ነው" አለኝ። የጁኑን ደብዳቤህን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፤ ተቀመጠና ደግሞ አነበበው። ከዚያ ተነስቶ ደረጃውን አየ፣ አንተ የተቀመጥክበትን። "እዚሁ ነው" አለ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ሲመጣ ግሬም በትሩን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ኮሊን በትሩን ተቀብሎት "ግባ" አለው። ልጁ አለቀሰ። ጌታው ከመኪናው ሆኖ "አሞታል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"ደህና ነው ጌታዬ። አይመጣም።"

"ዛሬ ነው የማይመጣው?"

"ዛሬም፣ ወደፊትም።"

ሰውዬው አየት አደረገውና "እንነጋገርበታለን" ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ምን እንደሚነጋገሩበት አናውቅም። የኮሊን ሚስት ከቤቱ ያስወጡናል ብላ ከአሁኑ ዕቃ መጠቅለያ ካርቶን እየሰበሰበች ነው። ኮሊን እንደ ወትሮው ወጥቶ ሥራውን ሠራ። ጥሩንባውን ከሩቅ ሰማሁት፤ ግሬም አጠገቤ ነበር።

አሁን ስለ አባትህ። እናቴ ከማረፏ በፊት መልእክት ትታለች። "ለኢዝራ ሰላም በይልኝ" ነው ያለችው። "ሌላስ?" ብላት "ይበቃዋል" አለችኝ። ይቅርታ ይሁን ወይም ሌላ ነገር እኔ አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። በራሷ ቃል ስለሆነ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ።

አንተን እወድሃለሁ። የወንድሜን እጅ የያዝክ አንተ ነህ፤ በቤቴ ሁልጊዜ ቦታ አለህ። አባትህ ግን ሽማግሌ መሆኑን አውቃለሁ፣ ቤት ሊያጣ እንደነበረም አውቃለሁ፣ የእኛንም ቤት አስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ ልጻፍ ስል ግን ያች አስተማሪያችን ትመጣብኛለች፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ።

የእናቴን ሰላምታ አድርስለት። የእኔን ገና አልላክሁም።

እህትህ ኤኒድ